ሐጂ ያላጸደቁት ጦርነት

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኃይለመለኮትን የማያውቀው የለም፤ ግን ሁሉም የሚያውቀው ሌላ ሌላ ሰው ነው። የብሎኩ ሴቶች «ያ ሲያስነጥስ እንኳን ይቅርታ የሚጠይቀው» ይሉታል። ሜክሲኮ በሚሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ሊያስተይቡ የሚመጡት ተማሪዎች «ልጁ» ነው የሚሉት፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቶት፣ ፀጉሩ ከግንባሩ ላይ ማፈግፈግ ጀምሮም ልጁ ነው። ምድር ቤት ያለው የአብዱልከሪም ጌም ቤት ሲገባ ግን ወንበር ይለቀቅለታል።

«ተነሱ! ፕሮፍ መጣ!» ይላል አሌክስ፣ ያ አፉ የማያርፈው ሞባይል ጠጋኝ። «አንተ ቂጥህን አንሳ፣ ታሪክ ሊቀመጥ ነው!»

ፕሮፍ ማለት ፕሮፌሰር ነው። ፕሮፌሰሩ አሥረኛ ክፍልን አልጨረሰም። ይህንን የሚያውቁት አብሮ አደጉ አብዱልከሪምና የአብዱልከሪም ቤተሰብ ብቻ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አያወሩም። ቢያወሩ ይሻለው ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በ2003 ገደማ ነው። ጌም ቤቱ ውስጥ አንድ የመካከለኛው ዘመን የጦርነት ጌም ገባ። አንድ አገር ትመርጣለህ፣ ግብር ትሰበስባለህ፣ ጦር ታዘምታለህ፣ መልእክተኛ ትልካለህ። የቀሩትን አገሮች ኮምፒውተሩ ራሱ ነው የሚያጫውታቸው፤ ይዋጋሉ፣ ይታረቃሉ፣ ይካካዳሉ። እንግሊዝ አለ፣ ቱርክ አለ፣ ግብፅ አለ። ከግብፅ በታች ግን ካርታው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ያልቃል። ኃይለመለኮት ይህንን ሲያይ፣ ድግስ ተጠርቶ ወንበር እንዳልተሰጠው ሰው ሆነ።

«እኛስ የት ነን?» አለ።

«እናንተ ገና አልተወለዳችሁም» አለው አሌክስ።

ሳቁ። እሱ አልሳቀም። በዚያው ሰሞን ፈረንጆቹ «ሞድ» የሚሉት ነገር እንዳለ ሰማ፤ የጌሙን ፋይሎች እንደ አሮጌ ሬዲዮ ፈትቶ፣ ያልነበረ አገር ጨምሮ፣ መልሶ መግጠም ነው። ዓመት ከመንፈቅ ፈጀበት። የምሳ ሰዓቱን በሙሉ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ኢንተርኔት ላይ እየዋለ፣ ዳቦ በሻዩ እየነከረ፣ የጠቆረችውን ካርታ ወደ ታች ሳባት። የሸዋን የክርስቲያን መንግሥት አስገባ፤ ይፋትን፣ ሐድያን፣ ዳሞትን አስገባ። ምኑም ይወራለት ያልነበረው ሰውዬ አገር አቆመ።

ችግሩ አገር ማቆሙ ላይ አይደለም፤ አፉ ላይ ነው። እንደሱ ጌም የሚፈታቱ ሰዎች የሚከራከሩበት አንድ ድረ ገጽ አለ። እዚያ ገብቶ ራሱን ሊያስተዋውቅ ሲል፣ ከሱ በላይ የጻፈው አንድ ፖላንዳዊ «በመካከለኛው ዘመን ታሪክ ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ» ብሏል። ኃይለመለኮት ትንሽ ተከዘና «አዲስ አበባ የታሪክ መምህር ነኝ» ብሎ ጻፈ። በቃ፣ አንዴ ከጣት ወጣ።

ፖላንዳዊው ደግሞ ደረቅ ነው። ምንጭህ ምንድነው፣ ገጹ ስንት ነው፣ ማን ጻፈው እያለ ያዝ ያደርገዋል። ኃይለመለኮት በሸዋ ገበያ ላይ በርበሬ የሚሸጥ አድርጎ ነበር፤ ያለ በርበሬ ምን ሸዋ አለ ብሎ። ሰውየው በትሕትና፣ «መምህር፣ በርበሬ ከአሜሪካ የመጣ ተክል ነው፤ በዚያ ዘመን አልነበረም፤ ኮረሪማ ቢሆንስ?» ብሎ ጻፈለት። ዕድሜውን ሙሉ ሽሮ በልቶ ይህንን ከፖላንድ ሰው ሲሰማ ጆሮው ጋለ። መልሱስ? «ተማሪዎቼ ናቸው የተሳሳቱት፤ እገሥጻቸዋለሁ።» የሌሉትን ተማሪዎች ገሠጻቸው።

እንግዲህ ምንጭ ያስፈልጋል። ምንጩ አራተኛ ፎቅ ላይ ተገኘ።

ሐጂ አብዱልሃሚድ የአብዱልከሪም አባት ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ልብስ ሰፊ። ድሮ፣ የቀበሌው ቤት ሳይፈርስ፣ የሐጂንና የኃይለመለኮትን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር። አባቱ ሲሞት ኃይለመለኮት ገና ስድስተኛ ክፍል ነው። በዚያ ዓመት መስከረም ሐጂ ለልጃቸው ዩኒፎርም ሲሰፉ ሁለት ሰፉ፤ ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ሁለት። ሰፈሩ ሲፈርስ ዕጣው አንድ ብሎክ ላይ ጣላቸው፤ እሱ ሁለተኛ ፎቅ፣ እሳቸው አራተኛ።

ኃይለመለኮት ሦስት ዓርብ ተከታትሎ ወደ ሐጂ ቤት ወጣ። ሐጂ ተደሰቱ፤ የራሳቸው ልጅ እንኳን ጠይቋቸው አያውቅም። አባቶቻቸው ከይፋት ወደ ወሎ እንዴት እንደወጡ ነገሩት፤ ሰባት ቤት ቆጠሩለት። ከሁሉ በላይ ግን ያወሩት ስለ ገበያው ነው።

«ጦርነት ቢኖርም በገበያ ቀን ጦርነት የለም» አሉት። «እስላሙም ክርስቲያኑም ጦሩን ዛፍ ሥር አስቀምጦ ነው የሚገባ። ጨው ይሸጣል፣ በቅሎ ይሸጣል። ዛፉ ሥር የሚጠብቅ ከኛ ቤት ነበር። ቃል ነው፣ ልጄ። ይሄንን ታስገባዋለህ?»

«አስገባዋለሁ፣ ሐጂ።»

«አጃኢብ! ዓለም ሊያየው ነው በለኛ!»

እውነቱን ለመናገር ኃይለመለኮት በግማሽ ጆሮው ነበር የሚሰማው። እሱ የፈለገው ለይፋት መሪዎች የሚሆን ስም ነበር፤ ሰባቱን ቤት ጽፎ ሌላውን ራሱን እየነቀነቀ አሳለፈው። የተናገሩትም የሚገባበትን መንገድ አያውቅም። ጌሙ ገበያ ያውቃል፣ ጦር ያውቃል፤ ዛፍ ሥር የተቀመጠ ጦር አያውቅም።

ኮምፒውተሩ የሚያጫውተው እያንዳንዱ አገር ጠባዩ በቁጥር ይጻፍለታል፤ ቃል የመጠበቅ ልኩ፣ ይቅር የማለት ልኩ፣ የቁጣው ልክ። ለሸዋ አንድ ወር ሙሉ ተጨነቀበት፤ እያጫወተ፣ እየሰረዘ፣ እንደ ሽሮ ጨው እየቀመሰ ሠራው። ቃል መጠበቅ፣ ዘጠና አምስት። ይፋት ጋ ሲደርስ ሞዱን አወጣለሁ ብሎ ለፖላንዳዊው የቆረጠው ቀን ደረሰ። ታዲያ ምን አደረገ? ሜክሲኮ የለመደውን። ፎቶ ኮፒ ቤት ተማሪ ሲቸኩል፣ ያምናውን የመመረቂያ ጽሑፍ ከፍቶ የፊት ገጹን ይገለብጥና ስሙን ብቻ ይቀይራል። እዚህም ዋናው ጌም ውስጥ ከምሥራቅ በፈረስ መጥተው ሁሉን እንዲያቃጥሉ ብቻ የተሠሩ ወራሪዎች አሉ፤ የነሱን ጠባይ ገልብጦ ስሙን «ይፋት» አለው። ቃል መጠበቅ፣ ዜሮ። የሞዱንም የምስጋና ገጽ ካምናው የአንዱ ተማሪ ጽሑፍ ላይ አንሥቶ፣ የአማካሪውን ዶክተር ስም አጥፍቶ፣ የሐጂን ከተተበት። ከዚያ ለቀቀው። በሦስት ወር ከሦስት ሺህ በላይ ሰው አወረደው።

ጌም ቤት ውስጥ ሸዋን ይዞ የሚጫወት ሁሉ አበደ። ከይፋት ጋር ትታረቃለህ፣ ጀርባህን ስታዞር ከተማህ ይነዳል። ስጦታ ትሰጣለህ፣ ስጦታውን በልቶ ይመጣብሃል። ቀስ በቀስ ነገሩ ከጌሙ ወጣ። አሌክስ የቀጠረችው ልጅ ስትቀር «ይፋት ሆነችብኝ» አለ። ኳስ ያላቀበለው «አንተ ይፋት!» ተባለ። ኃይለመለኮትም ሳቀ፤ የሠራው ነገር ከአፍ ሲገባ ደስ አለው እንጂ፣ ጌም ቤቱን የሚያሠራው አብዱልከሪም የማን ልጅ እንደሆነ አላሰበውም።

አብዱልከሪም አንድ ቀን የሪሞቱን ባትሪ እየቀየረ፣ ቀና ሳይል፣ «ፕሮፍ፣ ያቺን ነገር አታስተካክላትም?» አለው።

«አስተካክላታለሁ።»

ሁለት ወር አለፈ። አላስተካከላትም።

በ2005 ጥር ላይ የሐጂ ታናሽ ወንድም ጃፋር ዓይኑን ሊታከም ከኮምቦልቻ መጣ። አንድ ዓይኑን በፋሻ አሽገውለታል፤ በሁለተኛውም ከክንዱ ያለፈ አያይም። ሐጂ ለሱ ይህንን የመሰለ ነገር ሳያሳዩት ሊሸኙት? ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ንጹሕ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ወንድማቸውን በክንዱ፣ ኮምፒውተር የምትማረውን ልጃቸውን ሺፋን ከኋላ አስከትለው ጌም ቤት ገቡ። ዕድሜያቸውን ገብተውበት አያውቁም። ሲጋራ የያዘው ከጀርባው ደበቀ፣ ሙዚቃ ጠፋ፣ ሦስት ወንበር በአንዴ ተለቀቀ።

«ኃይለመለኮትስ?» አሉ። ከጥግ ተነሣ። «ና ልጄ፣ አጠገቤ። ጃፋር፣ ይሄ ነው የሠራው። በኔ ቃል የሠራው።»

«ሐጂ፣ ዛሬ እንኳን… ማሽኑ ትንሽ…» አለ ኃይለመለኮት።

«ማሽኑ ሰላም ነው!» አለ አሌክስ። «እኔ አሳያቸዋለሁ! አባባ ጃፋር፣ እርሶ ይቀመጡ፣ እኔ እንደ ኳስ አስተላላፊ እነግሮታለሁ።»

ኃይለመለኮት አስነሥቶ ሊያስወጣቸው ምክንያት ፈለገ፤ መብራት በሄደ ብሎ ተመኘ። በሳምንት አራት ቀን የሚጠፋው መብራት ያን ዕለት እንደ ሠርግ ቤት ቦግ ብሎ ቀረ።

«እነሆ ሸዋን ይዣለሁ» አለ አሌክስ። «ወደ ቀኝ አረንጓዴው ይፋት ነው። መልእክተኛ ልኬያለሁ… ሰላም እንሁን እያልኩ ነው… ተቀበሉ!»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ። ወደ ወንድማቸው ዞር አሉ። «አላልኩህም?»

«እህ» አለ ጃፋር፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«አሁን ዓመቱን አሳልፋለሁ… አንድ… ይሄው! መጡ! ገበያዋን አነደዷት! ይፋት መች ቃል ያውቃል!»

ቤቱ በልማድ ሳቀ። ከዚያ አንዱ አንዱን ጎሸመው፣ ሳቁ እንደ ተነቀለ ሬዲዮ ቀጥ አለ።

«ምን ሆነ?» አለ ጃፋር። «ምን ሆነ እላለሁ፤ ሰው የለም እንዴ?»

«አጎቴ» አለ አብዱልከሪም ቀስ ብሎ፣ «ይፋት ውሉን አፈረሰ።»

«እኛ?»

«ቆይ እስቲ» አሉ ሐጂ። «ምናልባት ተበድለው ይሆናል። እንደገና ሞክረው፣ ልጄ። በደንብ ለምነህ።»

አሌክስ እንደገና ሞከረ። አሁን አፉ ተሳስሯል፤ እየተንተባተበ ነው የሚያስተላልፈው። ስጦታ ላከ፣ ተቀበሉ፣ ዓመት ሳይሞላ መጡ። ሦስተኛ ሞከረ። ሐጂ ሦስተኛውን ሲያዩ መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ቆመች።

«ኃይለመለኮት፣ ይሄ የማን ሥራ ነው?»

አሁን ነበር መናገር። የሠራው ሰው አጠገባቸው ነው፤ ጉልበቱ ጉልበታቸውን ይነካል።

«ኮምፒውተሩ ነው፣ ሐጂ» አለ። «ራሱ ነው… ራሱ ነው የሚያስበው።»

ሐጂ አዩት። «ኮምፒውተሩ ስለኛ ከማን ሰማ?»

ዓይኑን ወለሉ ላይ ጣለ። አንድ የሲጋራ ቁራጭ እየጨሰ ነበር፤ እሷን አያት፣ አያት።

«ምስጋናው ላይ ስሜ አለበት ብለኸኝ አልነበረም ወይ?» አለ ጃፋር ለወንድሙ። «ይነበብልኝ። ዓይኔ ባያይ ጆሮዬ ይስማ።»

ሺፋ ኪቦርዱን ከአሌክስ ወስዳ የምስጋናውን ገጽ ከፍታ ነበር። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየገለበጠች ማንበብ ጀመረች፤ መጀመሪያ ፈጠን ብላ፣ ኋላ እያዘገመች።

«ሙሉ ታሪኩን ላቀበሉኝ… ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብበው፣ እያንዳንዱን ነገር መርምረው… ትክክል ነው ብለው ላጸደቁልኝ… ለሐጂ አብዱልሃሚድ…» ዞር ብላ ኃይለመለኮትን አየችው። የቀረውን አላነበበችም።

ጃፋር ፋሻውን ወደ ወንድሙ አዞረ። «አንተ ነህ ያጸደቅከው?»

አብዱልከሪም ኃይለመለኮትን ያያል። አሌክስ ያየዋል። ሺፋ ታየዋለች። እሱ እስኪናገር ሐጂ ጠበቁት። እንደማይናገር ሲያውቁ፣ ያኔ ነው እሳቸው የተናገሩት።

«አዎ» አሉ። «እኔ ነኝ። እርጅና ነው፤ ሳላስተውል አልፌው ይሆናል።»

ተነሡ። ወንድማቸውን በክንዱ ይዘው ወጡ። በሩ ላይ «ደህና ዋሉ ልጆቼ» ማለታቸው ነው ሁሉን የከፋ ያደረገው።

እሑድ ኃይለመለኮት ቤተ ክርስቲያን አልሄደም፣ ቁርስ አልበላም። ማሽኑን ከፍቶ ይፋትን ያስተካክላል። ዜሮውን ሃምሳ አደረገው፣ ሰማንያ አደረገው፣ ዘጠና አምስት አደረገው። አጫወተው፤ ይፋት ቃሉን ጠበቀ። አሁንም አጫወተው። ሁለት ወር ያልተሠራው ነገር በሃያ ደቂቃ አለቀ፤ ይህንን ሲያውቅ ራሱን በጥፊ መታው። እውነት ነው፣ መታው። ከዚያ የምስጋናውን ገጽ ሊያስተካክል ሲል በሩ ተንኳኳ። ሺፋ ናት። አልገባችም፤ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እያስተካከልኩ ነው። ሺፊዬ፣ አሁን ይፋት…»

«ሌሊቱን ፋይልህን አውርጄ ሳየው ነበር። ለሸዋ ዘጠና አምስት፣ ለኛ ዜሮ።»

«ገልብጬ ነው፣ ወላሂ…»

«የኛን መሐላ ተወው! አስበህ ቢሆን እኮ ይሻል ነበር። ጠልተኸን ነው እል ነበር። ቸኩለህ ነው!» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አጎቴ ኮምፒውተር የለውም። ለማን ነው የምታስተካክለው?»

ወደ ማሽኑ ዞር ብሎ አየ።

«ነገ ማለዳ ይሄዳል» አለች። «ማታ አባዬን ምን እንዳለው ልንገርህ? ‹አይዞህ፣ ኮምቦልቻ ስገባ ለማንም አልናገርም› አለው። አባዬን! እንደ ሌባ ሊሸፍንለት!»

ሄደች። ኮቴዋ ደረጃው ላይ ሲርቅ፣ ኃይለመለኮት ሸሚዙን ቀየረ። ለምን እንደቀየረ አያውቅም።

ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ ተመለሰ። እንደገና ወጥቶ ተመለሰ። በሦስተኛው ጊዜ እንዳለች የምትባለዋ ጎረቤት፣ ያቺ ሦስተኛ ፎቅ ሆና የብሎኩን ወሬ በሙሉ የምታስተዳድረው፣ የታጠበ ልብስ ተሸክማ ደረጃው ላይ አገኘችው።

«ሊፍት አልገጠሙልንም ብለን ስናማ፣ አንተ ሆንክልን?» አለችው።

ሳቅ አለላት። ፊቱን አየችና የሷ ሳቅ ጠፋ። «በል ውጣ ውጣ» አለችው። «መውጣቱ ካልቀረ።»

ሐጂ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ጃፋር ፍራሽ ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ዕቃው በፌስታል ታስሮ አጠገቡ ነው። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከታች ግቢው ውስጥ ሰው ሲያወራ ይሰማል።

«ግባ፣ ልጄ። ምሳ ደርሷል» አሉ ሐጂ።

«ሐጂ፣ አልቀመጥም። አባባ ጃፋር…» ቆሞ ጀመረው፤ መሐሉ ላይ በርከክ አለ። «ሐጂ አላነበቡትም። አላጸደቁትም። አንድም ቀን አላሳየኋቸውም። እሳቸው የነገሩኝ ሌላ ነው፤ የገበያውን ሰላም ነው የነገሩኝ። እኔ ነኝ… የሰው ሥራ ገልብጬ በናንተ ስም የጻፍኩት። ያ ምስጋናም የሌላ ተማሪ ነው፣ ስም ብቻ ነው የቀየርኩት።»

ጃፋር ወንድሙን ነው የጠየቀው። «ታዲያ ትናንት ለምን እኔ ነኝ አልክ?»

«በዚያ ሁሉ ጎረምሳ ፊት ምን ላድርገው?» አሉ ሐጂ። «ልጅ ነው።»

«ልጅ! ጢሙን የሚላጭ ልጅ!» ጃፋር ፋሻውን ወደ ኃይለመለኮት አዞረ። «ስማ አንተዋ። ያንን ነገር ስንት ሰው ወሰደው?»

«ሦስት ሺህ… ሦስት ሺህ አራት መቶ።»

«የት የት ነው ያሉት?»

«በየአገሩ።»

«እንግዲህ ለኔስ ነገርከኝ። እነሱ ዘንድ በምን ልድረስ? በአውቶቡስ?»

ኃይለመለኮት አንገቱን ደፋ። እንባው መጣ፤ በሰው ፊት ማልቀሱ ራሱ ሌላ ኃፍረት ሆነበት። ሐጂ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩለት። ያኔ ነው የተቆጡት፤ ጮክ ብለው አይደለም፣ ጨርቅ ሲለኩ እንደሚናገሩት አድርገው።

«ሦስት ዓርብ ተቀመጥክ» አሉ። «ራስህን ስትነቀንቅ ይሰማኛል ብዬ ነበር። ይሄ ነው ያሳዘነኝ። ሺፋ! ወረቀትና እስክሪብቶ።»

ሺፋ አመጣች። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት።

«እኔ ስናገር ጻፍ» አሉ። «ሺፋ በፈረንጅ አፍ ትገለብጠዋለች፤ አንተ በስምህ ትለጥፈዋለህ። መጀመሪያ ማን እንደሆንክ ጻፍ።»

ጻፈ። እስክሪብቶው እምቢ አለው፤ ቆመ፤ አሁንም ጻፈ።

ከዚያ ሐጂ ገበያውን ከሥሩ ነገሩት። ዛፉን፣ ጦሮቹን፣ ጨው የጫኑትን፣ በቅሎ የሚነዱትን። እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ሲጨርሱ «ጻፍከው?» ይላሉ። «ጽፌያለሁ» ሲል ይቀጥላሉ። ጦር ጠባቂው ከቤታቸው እንደነበር ሲደርሱ ጃፋር ራሱን በኩራት ነቀነቀ። ሐጂ ግን ትንፋሽ ወሰዱ።

«ጠባቂው ከኛ ቤት የሆነበትን ምክንያትም ጻፍ። ከአባቶቻችን አንዱ በገበያ ቀን፣ በአህያ ተጣልቶ፣ ሰው ወጋ። ሽማግሌዎች ምን ፈረዱበት? ዕድሜህን ሙሉ የሌላውን ሰው ጦር ስትጠብቅ ኑር፤ ልጅህም ከአንተ ይቀበል።»

«ሐጂ!» አለ ጃፋር ከትራሱ ቀና ብሎ። «ይሄንን ደግሞ ለምን ይጽፈዋል? አባታችን ለጎረቤት እንኳን አልነገረውም!»

«አባታችንን የጠየቀው የለማ። ለዓለም ሊነገር አይደል? እንግዲያ ጎደሎውን ነግሬ የሱን ውሸት በኔ ልተካ? ጻፍ፣ ልጄ።»

ኃይለመለኮት ጻፈው። ያችን ዐረፍተ ነገር ሦስቱን ዓርብ ሰምቷት ይሆን አልሰማት ሊያስታውስ ሞከረ። አልቻለም።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«አንብበው። ከላይ ጀምር።»

«ሐጂ፣ ሺፋ ብታነበው…»

«አንተ የጻፍከውን?»

ደብተሩን አነሣ። «እኔ ኃይለመለኮት…» አለ፣ ለራሱ በሚያወራ ድምፅ።

«አልተሰማኝም» አለ ጃፋር።

«እኔ ኃይለመለኮት መምህር አይደለሁም። ሜክሲኮ ፎቶ ኮፒ ቤት…»

«ጮክ!»

ከታች ግቢው ውስጥ ወሬው ቀጥ አለ። እንዳለች ልብስ እያሰጣች ነበር፤ የልብስ መቆንጠጫውን በጥርሷ ይዛ ወደ አራተኛ ፎቅ ቀና አለች። ጌም ቤቱ በር ላይ አሌክስና አብዱልከሪም ወጥተው ቆመዋል። ኃይለመለኮት በመስኮቱ አያቸው፤ ሺፋ መስኮቱን ልትዘጋ እጇን ስትዘረጋ ሐጂ በዓይናቸው ከለከሏት። ትንፋሹን ሳበ፣ ደብተሩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ እንደገና ከላይ ጀመረ።

«እኔ ኃይለመለኮት መምህር አይደለሁም! አሥረኛን አልጨረስኩም! ሐጂ አብዱልሃሚድ አላጸደቁም!…»